ሐኪም ፍለጋ፦ ከጎንደር ካይሮ፣ ከካይሮ ጠዳ

በ1690 ዓ.ም. ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ካይሮ ውስጥ ሐኪም ያፈላልግ ነበር። የላኩት አጼ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱን የያዛቸው የቆዳ ሕመም አልለቅ ብሏል፤ ከልጆቻቸውም አንዱ ታሟል። ከ70 ዓመት በኋላ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ሕመሙ ወደ ሥጋ ደዌ እንዳይዞር ይፈራ እንደነበር በመጽሐፉ አስፍሯል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት፣ ከጎንደር ነገሥታት ሁሉ ስማቸው የገነነው ኢያሱ፣ ለገዛ ቆዳቸው መላ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ በረሃ የሚያቋርጥ መልእክተኛ መስደድ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ጎንደር በዚያ ዘመን አካሚ የታጣባት ከተማ አልነበረችም። ወጌሻው የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን ይጠግናል። መድኃኒት አዋቂው ሥር ምሶ፣ ቅጠል በጥሶ ይቀምማል። ደብተራው የወረሰውን የመድኃኒት መጽሐፍ ገልጦ ይመረምራል። ጠበሉም በየደብሩ አለ። የመገጣጠሚያ ሕመም የያዘው ሰው ደግሞ ፍል ውሃ ይወርዳል፤ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ እስካሁን ቁርጥማት ያሠቃያቸውን ሰዎች ይቀበላል። ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ አሳትሟል፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም በኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ሁለት ቅጽ አውጥቷል። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውስጥ ሕመሙ በየዓይነቱ፣ ዕፀዋቱም በየስማቸው ተዘርዝረዋል።

ችግሩ የዕውቀቱ አኗኗር ላይ ነበር። መድኃኒት አዋቂ የሚያውቀውን ለመረጠው ልጅ ያወርሳል፤ ከሌላው ይሰውራል። ሲሞት ያላወረሰው አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ታማሚው ስም እየተከተለ ይጓዛል፤ «እገሌ ዘንድ ሂድ» ሲሉት ቆላ ይወርዳል፣ «የለም፣ እገሊት ትሻላለች» ሲሉት ደጋ ይወጣል። ትኩሳት ለያዘው ሰው ይህ ጉዞ ቢበዛ የሳምንት ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ ተሻለ ሲሉት ይመለሳል፣ ሄደ ሲሉት ያገረሻል። የጎንደርና የአካባቢዋ የሕክምና ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚያውቀው ሰው ምን ያህል ይርቃል? ርቀቱን ያሳጠረውስ ምንድን ነው?

ሐጂ ዓሊ ካይሮ ላይ ያገኘው ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ በከተማው መድኃኒት እየቀመመ የሚያክም ሰው። የፈረንሳይ ቆንስል ቤኑዋ ደ ማዬ ጉዞውን ደገፈ። ድጋፉ ለሕመምተኛው በማዘን ብቻ አልነበረም፤ ሻርል ደ ብሬቭዳን የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ «ዮሴፍ» ተብሎ፣ የፖንሴ አገልጋይ መስሎ አብሮ እንዲሄድ ተደረገ። ኢየሱሳውያን በአጼ ፋሲል ከአገር ከተባረሩ ወዲህ በግልጽ መግባት አይችሉም ነበርና። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1698 ከካይሮ ተነሡ። የግብፅን በረሃ አቋርጠው ዶንጎላ፣ ከዶንጎላም ስናር ደረሱ። ጉዞው ከዓመት በላይ ፈጀ። ብሬቭዳን ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ባርኮ በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 1699 ሞተ። ፖንሴ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ጎንደር ገባ።

ፖንሴ በጽሑፉ እንደሚናገረው ንጉሡም ልጃቸውም በአጭር ጊዜ ተሻላቸው። ከዚህ ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ የራሱን ቅመማ መድኃኒቶች የያዘ ሣጥን ለንጉሡ አቀረበ። ኢያሱ ተቀብለው ዝም አላሉም። እያንዳንዱ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ፣ እንዴት እንደሚወሰድ ጠየቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንዲያዝ አደረጉ። ሐኪሙ አንድ ቀን እንደሚሄድ ገብቷቸዋል፤ ዕውቀቱ እንዲቀርላቸው ፈልገዋል።

ፖንሴ ራሱ ጤና ሲያጣ እንዲሰናበት ተፈቀደለት፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1700 ጎንደርን ለቆ በእንፍራዝ በኩል አቀና። ከጎንደር ወደ እንፍራዝ የሚወስደው መንገድ ዛሬም በአዘዞና በጠዳ ያልፋል። ጠዳ ለኢያሱ ቤት ባዕድ አልነበረችም፤ በ1674 ዓ.ም. ያረፉት አባታቸው አጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ የተቀበሩባት ስፍራ ናት። ፖንሴ በምጽዋ፣ በጅዳና በሲና አድርጎ ካይሮ ተመለሰ፤ ፈረንሳይም ድረስ ሄዶ ያየውን ጻፈ። ብዙዎች አላመኑትም። መጨረሻ ላይ በፋርስ አገር፣ ኢስፋሃን ውስጥ ሞተ።

ከእሱ በኋላ ቴዎዶር ክሩምፕ የሚባል ሕክምና የሚያውቅ የባቫሪያ ፍራንሲስካዊ እስከ ስናር ዘልቋል። የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ የተላከው ለኑዋር ዱ ሩል ግን ስናር ላይ እ.ኤ.አ. በ1705 ተገደለ። ኢያሱም ዙፋናቸውን ትተው ጣና ደሴት ላይ ሳሉ በ1699 ዓ.ም. መጀመሪያ በገዛ ልጃቸው በአጼ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ተገደሉ። ያ የተጻፈ መድኃኒት በቤተ መንግሥት ግምብ ውስጥ የተጻፈ ነበር፤ የሚያስተምረው ጉባኤ፣ የሚቀበለው ተማሪ አላገኘም። ቅኔና ዜማ፣ ድጓና ትርጓሜ በጎንደር ጉባኤ ሲያገኙ ሕክምና አላገኘም።

ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ቁስቋም ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ገብቶ ነበር። ሕክምናን በመጠኑ ተምሮ ስለነበር ሕፃናቱን እንዲያይ ተጠራ። የተዘጉትን በሮችና መስኮቶች አስከፈተ፤ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። ከሕፃናቱ የሞተም የዳነም ነበር፤ ያም ቢሆን በቤተ መንግሥት የከበረው በዚሁ ሐኪምነቱ ነው። ይህ ሰው ራሱ በተቅማጥ ታሞ ሲወድቅ ያዳነው በመተማ በኩል፣ ራስ ፊል በሚባለው ቆላ ያሉ የአገሩ ሰዎች የሰጡት ዋጊኖስ የሚባል ተክል ነው። ዘሩን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም ተክሉን በብሩስ ስም ሰየሙት። የቆላው ገበሬ ያወቀው መድኃኒት በአውሮፓ መጽሐፍ ገባ፤ ለጎንደር ሕመምተኛ ግን ዋጊኖስን የሚያውቀው ሰው እንደ ድሮው በየጎጡ ተበታትኖ ቀረ።

በመንፈስ የሚያክሙት የዛር ወዳጆችም ሊዘነጉ አይገባም። በ1924 ዓ.ም. ከግሪዮል ጋር ጎንደር የሰነበተው ሚሼል ሌሪስ፣ መልካም አየሁ በሚባሉ የዛር ባለ ሥልጣን ቤት እየተመላለሰ ያየውን ለዓመታት ጽፏል። እዚያ ቤት የሚመጡት ብዙዎቹ ሌላው መላ የከዳቸው፣ ሕመማቸው የቆየባቸው ሴቶች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው፣ ሐኪምም የማይቀበለው ሥርዓት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ይሰጥ ነበር፤ ታማሚዋን አንድ ጊዜ አይቶ አይሸኝም። ስሟን የሚያውቅ፣ ሲብስባት የሚቀበል፣ በየጊዜው የምትመለስበት ቤት ነበር። ሥር ለሰደደ ሕመም ይህ ክትትል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ዘመናዊው ሕክምና የተረዳው ዘግይቶ ነው።

በምዕራባዊው ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የጎንደር ልጅ ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ወላጆቹን ያጣ ሕፃን አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስምም ሰጡት። ላሆር ላይ ሕክምና አጥንተው ተመረቁ፤ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አዳበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸው ገብተው ዳግማዊ ምኒልክን አክመዋል፤ በኋላም በአስተዳደርና በዲፕሎማሲ አገልግለው በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ዐረፉ። እሳቸው ግን አንድ ሰው ነበሩ። የጎንደር ገበሬ መገጣጠሚያው ሲያብጥ ሐኪም ወርቅነህን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። የአዲስ አበባው የምኒልክ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1910 ግድም ሥራ ሲጀምርም ለደጋው ሰው ከካይሮ ብዙ አልቀረበም።

መንገዱን በእርግጥ ያሳጠረው ሌላ በሽታ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባ ዙሪያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው በሺዎች አለቀ። የሚደርስለት ሐኪም አልነበረም፤ በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት ዶክተሮች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ሆነው በትልልቅ ከተሞች የተቀመጡ ነበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ እርዳታ ተባብረው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈቱ። በአገሪቱ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛዎች ታሪክ በኩር የሚባለው ይህ ነው።

ኮሌጁ የመረጠው መንገድ ደፋር ነበር። ዶክተር እስኪበዛ አልጠበቀም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሦስቱን ባንድነት አሠለጠነ፤ ተማሪዎቹንም በቡድን እያደረገ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ላከ። እዚያ ታማሚ ማየት ብቻ አይደለም ሥራቸው፤ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ እናቶችን ይከታተላሉ፣ ክትባት ይሰጣሉ። ገጠር የለመደው ሰው ቁስል አጣቢው ድሬሰር ነበር፤ አሁን የበሽታውን መነሻ የሚጠይቅ፣ መዝግቦ የሚይዝ፣ በጊዜው የሚመለስ ባለሙያ መጣ። ዕውቀት ከአባት ወደ ተመረጠ ልጅ መሄዱ ቀርቶ በክፍል ተቀምጦ ለሚማር ሁሉ ተከፈተ። ኢያሱ ያጻፉት ነገር ያጣው ጉባኤ ማለት ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት አደገ፤ በወቅቱ ምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየመጡ አስተማሩ። ከጎንደር ዶክተር መመረቅ ጀመረ። ለውጡ ዋጋም ነበረው፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቶ ነው እንደገና የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናትና የሌሎች ክፍሎች ስፔሻሊስቶች ይሠለጥናሉ።

ሆስፒታሉ ሲያድግ ግን የድሮው ርቀት በሌላ መልክ ብቅ አለ። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት የገጠር ሰው ጎንደር መጥቶ ይመረመራል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ከዚያ አገሩ ይገባል። ወር ሲሞላ መመለስ አለበት። በሬውን፣ እርሻውን፣ ልጆቹን ትቶ ሁለት ቀን በእግሩ ይሄዳል? ብዙው ይቀራል። መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ሕመሙ ያገረሻል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን አይተው፣ በብሪታንያዊው ሐኪም በኤልድሪድ ፓሪ ከተመሠረተው የትሮፒካል ጤናና ትምህርት ተቋምና ከሌሎች የእንግሊዝ አገር አጋሮች ጋር ሆነው የክትትሉን ሥራ ወደ ጤና ጣቢያ አወረዱት። ስፔሻሊስቱ በሽታውን ይለያል፣ ሕክምናውን ይወስናል፤ በየወሩ የሚያየው፣ የሚመዘግበው፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው በአቅራቢያው ያለ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ይሆናል። ሆስፒታሉ ሠልጣኞችን ያስተምራል፣ እየወረደም ያያቸዋል።

ይህ አሠራር አካል ተቆጥቶ ለሚያብጥባቸው የብግነት ሕመሞች ምን እንደሚያደርግ በጉልህ የሚያሳየው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሕፃን ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል። ያልታከመው የስትሬፕቶኮከስ ኢንፌክሽን ካለፈ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ሰውነቱ ጀርሙን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ የልቡን በሮች ያስቆጣል። አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ጉሮሮው እንደገና በታመመ ቁጥር ልቡ ይበልጥ ይጎዳል። መከላከያው የታወቀ ነው፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት። ልብን በአልትራሳውንድ የሚያይ ሐኪም በጥቂት ከተሞች ብቻ ይገኛል። መርፌውን በትክክል የሚወጋ፣ ልጁ ሲቀር ወላጆቹን የሚጠይቅ ባለሙያ ግን በየጤና ጣቢያው ሊኖር ይችላል። ያ ባለሙያ ከሌለ የስፔሻሊስቱ ውሳኔ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በመገጣጠሚያ ብግነት ላይ መንገዱ ገና ረጅም ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የያዛት ሴት ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ ይደርቃሉ፤ እስኪፍታቱ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ ይፈጃል። የሁለቱም እጆቿ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ እንጀራ መጋገር፣ ውሃ መቅዳት ይሳናታል። ሰፈሩ ብርድ ነው ይላታል፤ ጠበል ትሄዳለች፣ ፍል ውሃ ትወርዳለች፤ ሙቀቱ ለጊዜው ያቀልላታል። መድኃኒት ቤት ስትገባ ዲክሎፍናክ ትገዛለች፤ ወይም ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ትለምዳለች። ፕሬድኒሶሎን ከኮርቲሶን ወገን ነው። ኮርቲሶን እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲሞከር አልጋ ላይ የነበሩ ሰዎችን ስላስነሣ ግኝቱ በሁለት ዓመት ውስጥ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢንም ይቀሰቅሳል።

የበሽታውን ጉዞ የሚገታው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው፤ አዲስም ብርቅም አይደለም። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞትበት ይችላል። ደምና ጉበት በየጊዜው መመርመር አለባቸው፣ ነፍሰ ጡር ልትወስደው አይገባም። ስለዚህ የሚያውቀው ሐኪም ያስፈልጋል። በዚህ ዘርፍ ልዩ ሥልጠና ያላቸው የሩማቶሎጂ ሐኪሞች በአገሪቱ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ይሠራሉ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የጎንደር ሆስፒታል ራሱ ለገጠሩ ሰው ይርቃል። መገጣጠሚያ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተጀመረ የተጣመመው ጣት አይመለስም።

ጠዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዛሬ ድርሻ አላት። የንጉሥ መቃብርና የመንገደኛ ማረፊያ የነበረችው ከተማ አሁን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት። እዚያ የሚማሩት ወጣቶች ተመርቀው በሰሜኑ ደጋና በደንቢያ ቆላ ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። ጣቷ ያበጠባት ሴት ከስፔሻሊስቱ በፊት የምታገኘው እነሱን ነው። ከስድስት ሳምንት ያለፈ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የጠዋት ድርቀት፣ በሁለቱም እጅ የወጣ ሕመም ሲያዩ ማስታገሻ ሰጥተው እንዳይሸኙ፣ ታሪኩን በሚገባ ጽፈው ወደ ጎንደር እንዲልኩ፣ ስትመለስም የታዘዘላትን ይዘው እንዲከታተሉ መማር አለባቸው። ለስኳርና ለሚጥል በሽታ በጎንደር ዙሪያ የተሠራው ይኸው ነው። የመገጣጠሚያና የቆዳ ብግነትም በዚያው መዝገብ፣ በዚያው የክትትል ቀጠሮ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሥልጠና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካሉ የውስጥ ደዌና የቆዳ ሐኪሞች እስከ ጠዳ መማሪያ ክፍል ድረስ መውረድ የሚችል ነው።